ለክረምት ሳይክል የትኛው ካቴና፣ የትኛው ጥርስ? ከሦስት ክረምት በኋላ

ሦስት ክረምት ከሜክሲኮ ፒያሳ በሳይክል ተመላልሻለሁ። ሐምሌም ነሐሴም አላቆምኩም። መንገዴ በለገሃር አድርጎ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ነው። ያንን ዳገት በዝናብ የለመደ ሰው ከሳይክሉ ዕቃ ቀድሞ የሚያልቀው የቱ እንደሆነ ያውቃል። ካቴናው ነው። ቀጥሎ የኋላ ጥርሶቹ፣ ቀጥሎ የፔዳሉ ኩሽኔታ።

የመጀመሪያውን ክረምት የነዳሁት ከኋላ 11 የጥርስ ክብ ያለው፣ ባለ 11 የሚባለው ኮርስ ሳይክል ነበር። ቀላል ነው፣ ማርሹ ሲቀየር ድምፁ አይሰማም፣ በበጋ እንጦጦ ስወጣበት በጣም እወደው ነበር። ክረምት ላይ ግን ካቴናው መስከረም ሳይጠባ አለቀ። አዲስ አስገጠምኩ። አዲሱ ደግሞ ዳገት ላይ ጠንከር አድርጌ ስረግጠው ይዘላል። ለካ ጥርሶቹም አብረው አልቀዋል። ካቴናው ብቻ የባለ 8ቱን እጥፍ አስወጥቶኝ ነበር፣ ካሴቱ፣ ማለትም የኋላ ጥርሶቹ ስብስብ፣ ሲጨመርበት ወጪው አስደነገጠኝ፣ እሱንም ቢሆን ፒያሳና መርካቶ ስዞር ከርሜ ነው ያገኘሁት።

ከዚያ ያገለገለ የብረት ፍሬም ገዛሁና ሺማኖ የተባለው አምራች ክላሪስ ብሎ የሚሸጠውን የማርሽ ዕቃ አስገጠምኩበት። ከፊት ባለ 50 እና ባለ 34 ጥርስ ሁለት ክብ፣ ከኋላ ከ11 እስከ 32 ጥርስ ያላቸው ስምንት ክቦች፣ ማለትም ባለ 8። ሺማኖ ለኮርስ ሳይክል ከሚሠራቸው ዕቃዎች ዋጋቸው ዝቅ ካሉት አንዱ ነው። ይኸው ሁለት ክረምት አልፎታል፤ ለከተማችን ክረምት ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ላስተካክል። ባለ 8 ካቴና ወፍራም ስለሆነ ዕድሜው ይረዝማል ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ የባለ 11ዱ 5 ተኩል ገደማ። የካቴና ዕድሜ የሚለካው ግን በውፍረቱ አይደለም። የሚያልቀው ውስጥ ያለው ፒን ነው፣ ጥሩ ባለ 11 ካቴናም ፒኑ ጠንካራ ሊሆን ይችላል። እኔ ባለ 8ን የምመርጠው በሌላ ምክንያት ነው። ዋጋው ሳያሳስበኝ ቶሎ ቶሎ እቀይረዋለሁ። ባለ 6 እና ባለ 7 ሳይክል ላይም ስለሚሠራ፣ ከተማው ውስጥ ያለው አብዛኛው ሳይክል ደግሞ እሱ ስለሆነ፣ የትም አይጠፋም። የኋላ ማርሽ ቀያሪው ቢሰበር እንኳ የሺማኖ ባለ 8 ወይም ባለ 9 የማውንቴን ሳይክል ቀያሪ መሪው ላይ ባለው የኮርሱ መቀየሪያ ይሠራል። ከባለ 10 ጀምሮ ይሄ ነገር ተበላሽቷል፣ የኮርሱና የማውንቴኑ አይግባቡም። ደብረ ብርሃን ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ካሴቱ ኤችጂ 50 የሚባለው ነው፤ ጥርሶቹ በሙሉ ኒኬል የተቀባ ብረት ናቸው። ውድ ካሴቶች ላይ ክብደት ለመቀነስ ትልልቆቹን ጥርሶች ከታይታኒየም ወይም ከአሉሚኒየም ይሠሯቸዋል፤ ለውድድር ጥሩ ነው፣ ለጭቃ ግን ብረት ነው የሚያዋጣው። ከፊትም ትንሹ ጥርስ ብረት ቢሆን እመክራለሁ፤ ዳገት ላይ ሥራው ሁሉ የሱ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መርካቶ ሳይክሌን የሚሠሩልኝ ጋሼ ገና በመጀመሪያው ክረምት እንዲህ ብለውኝ ነበር፦ «ልጄ፣ ካቴናውን ቶሎ ቀይሪው፣ ጥርሱ ይተርፍልሻል።» ያኔ ሥራ ሊፈጥሩ መስሎኝ ዝም አልኳቸው። ትክክል ነበሩ። ካቴና ተለጠጠ ይባላል እንጂ ብረቱ አይለጠጥም። ፒኑና ፒኑ የሚዞርበት ቦታ እየተፋቀ ይሰፋል፣ የአንዱ መገጣጠሚያ ስፋት ትንሽ ነው፣ የሁሉም ሲደመር ግን ካቴናው ይረዝማል። የረዘመ ካቴና ደግሞ ጥርሱን በራሱ ልክ ይበላዋል። ጫፉ እንደ ማጭድ ከዞረ በኋላ አዲስ ካቴና አይቀበልም።

መለኪያው ውድ ዕቃ አይፈልግም፤ ኢንች ያለበት የብረት ማስመሪያ ወይም የአናጢ ሜትር ይበቃል። አንዱን ፒን መሐል ዜሮ ላይ አድርጉ። አዲስ ካቴና ላይ፣ ቀጣዩን ፒን አንድ ብላችሁ ስትቆጥሩ፣ 24ኛው ፒን ልክ 12 ኢንች ላይ ያርፋል። የኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ ማለትም 1.6 ሚሊሜትር ካለፈ ካቴናውን ቀይሩ። አንድ ስምንተኛ ካለፈ ጥርሱም ሳያልቅ አልቀረም። እኔ በክረምት በየሁለት ሳምንቱ እለካለሁ። በዚህ መንገድ አሁን ሦስተኛው ካቴና ላይ ነኝ፣ ካሴቱ ግን ያው የመጀመሪያው ነው፣ አንዴም አልዘለለብኝም።

ከካቴናዎቹ አንዱ ግን አሳዝኖኛል። ማሸጊያው የታወቀ ስም ያለበት፣ ዋጋውም ቀነስ ያለ፣ አንድ ሱቅ ኦሪጅናል ነው ብሎ የሸጠልኝ ካቴና በአምስት ሳምንት ከልኩ አለፈ። ሳጥኑ ላይ ስም ነበረ፣ ካቴናው ላይ ግን አንድም ፊደል አልነበረም። አሁን ስገዛ ከሳጥኑ አስወጥቼ የአምራቹ ስም ብረቱ ላይ መታተሙን ሳላይ ብር አልከፍልም። ደንበኛ ሳይክል ይዞ መጥቶ አምኖ የሚገዛውን ዕቃ እንዲህ መሸጥ ነውር ነው፤ ዳገት መሐል የሚበጠስ ካቴና ሰው ይጥላል።

ዘይት ላይ ብዙ አልልም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡ፣ በቃ። ዘይት ከመንገዱ ጭቃና አሸዋ ጋር ሲቀላቀል ብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው። ካቴናውን በሚፈታው መገናኛ አውልቄ በነጭ ጋዝ አጥባለሁ፣ በደንብ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፣ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አደርጋለሁ፣ ከዚያ ውጪውን በጨርቅ ወልውዬ አደርቀዋለሁ። ሥራው የውስጥ ነው፣ ውጪ የቀረው ዘይት አቧራ ከመሰብሰብ ሌላ ጥቅም የለውም።

ኩሽኔታውን በተመለከተ፣ ጫፉ አራት ማዕዘን የሆነውን የድሮውን ዓይነት፣ ግን ሙሉ በሙሉ የታሸገውን ነው ያስገባሁት። የሺማኖ ዩኤን 300 ነው። ከአዳዲሶቹ ይከብዳል፣ መልኩም አያምርም። ሁለት ክረምት ጎርፍ ውስጥ ገብቶ እስካሁን አልተነቃነቀም። ሲገጠም ክሩ ላይ ግራሶ መቀባቱን እዚያው ቆማችሁ እዩ፤ ካልተቀባ ዝጎ ይጣበቅና በኋላ የሚፈታው ይጠፋል።

ደግሞ ፓራፋንጎ። የፊት ጎማ ውኃውን የሚረጨው በቀጥታ ካቴናውና ኩሽኔታው ላይ ነው። እኔ የፊተኛው ፓራፋንጎ ጫፍ ላይ ከአሮጌ ጀሪካን የቆረጥኩትን ላስቲክ በሁለት ብሎን አሰርኩበት፣ መሬት ሊነካ አራት ጣት ያህል እስኪቀረው ድረስ። ከዚያ በኋላ ካቴናዬ ፒያሳ ሲደርስ የሚይዘው ጭቃ በግልጽ ቀንሷል።

ባለ 11 ሳይክል ያላችሁ ግን ሽጡት አልልም። ካሴቱ ሲያልቅ ሺማኖ 105 የሚለውን ደረጃ ግዙ፣ ጥርሶቹ ብረት ናቸው። የሚፈታውን መገናኛ ደግሞ በተፈታ ቁጥር አዲስ አድርጉለት፣ የባለ 11ዱን ሺማኖም ሆነ ሌላው አምራች ስራም አንዴ ብቻ ተጠቀሙበት ነው የሚሉት። እኔ የኔን ባለ 11 ለበጋ አስቀምጬዋለሁ። መስቀል ካለፈ በኋላ አወጣዋለሁ።