አርኤንኤአይ ወይስ ክሪስፐር? ጂኖችን በጅምላ ለመፈተሽ

ባሕር ዳር ባዮቴክኖሎጂ የምትማሩ ልጆች ደጋግማችሁ የምታነሱት ጥያቄ ነው። የሰው 20,000 ገደማ ፕሮቲን ሠሪ ጂኖች ምን ምን እንደሚሠሩ ለማወቅ፣ ጂንን ከሥራ አስወጥተው ምን እንደሚጎድል ከሚያሳዩት ሁለት ዘዴዎች፣ ከአርኤንኤአይና ከክሪስፐር፣ የቱ ይሻላል?

አሠራር፦ አርኤንኤአይ ጂኑን አይነካም፣ መልእክተኛውን አርኤንኤ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚሠራበትን የጂኑን ቅጂ ነው የሚያጠፋው። ስለዚህ ጂኑ ይዳከማል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ክሪስፐር ግን ዲኤንኤውን ራሱን ቆርጦ ያበላሸዋል።

ስሕተት፦ አርኤንኤአይ ያላሰብነውን ጂንም አብሮ ያፍናል፣ ውጤቱን ማመን የሚያስቸግረውም በዚህ ነው። እኔ እዚህ ላይ ክሪስፐርን እመርጣለሁ። እሱም ግን እንከን አለበት፤ በካንሰር ሴል ውስጥ አንድ ጂን ብዙ ቅጂ ካለው፣ መቆራረጡ ብቻውን ሴሉን ይጎዳውና ጂኑ የግድ አስፈላጊ ይመስላል።

ወጪ፦ ሲ ኤለጋንስ በተባለችው ትል ላይ ከሆነ አርኤንኤአይን የሚያህል የለም፣ ጂኑን የሚያፍነውን አርኤንኤ እንዲሠራ የተዘጋጀ ባክቴሪያ ማብላት በቂ ነው።

ታዲያ መቼ የቱ? ጂኑ ሲጠፋ ሴሉ የሚሞት ከሆነ ማዳከሙ ይሻላል። ጥርት ያለ ውጤት ከፈለጋችሁ ክሪስፐር። የጣናዎቹ ላቢዮባርበስ ዓሦች ደግሞ ስድስት እጥፍ የክሮሞዞም ስብስብ፣ በድምሩ ወደ 150 ክሮሞዞም አላቸው፤ እዚያ ክሪስፐር አንዷን ቅጂ ከሳተ፣ የተረፈችው ሥራውን ልትሸፍን ትችላለች።