ድሬዎች፣ ውሻ ያላችሁ ይህን ሐኪም እወቁት

አቦ፣ ምስጋና ሲያጥር ያምራል ይላሉ፤ እኔ ግን ዛሬ አላሳጥርም። ለአንድ የእንስሳት ሐኪም ነው የምጽፈው። ሳያስፈቅዱ ስም አደባባይ ማውጣት ደስ ስለማይለኝ ስሙን አልጠራም። ሳቢያን አካባቢ በግና ፍየል የምታረቡ ግን ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ። እሱ ባይኖር የእናቴ ውሻ ዛሬ የለም። በቃ፣ ነገሩ ይሄ ነው።

የግንቦት ሙቀት እንዴት እንደነበረ ለድሬ ሰው አልተርክም። ያን ቀን እማዬ ለቅሶ ቤት ሄዳለች። የጎረቤት ጣሪያ የሚቀይሩ ሠራተኞች በእኛ ግቢ በኩል መሰላል ሊያቆሙ ፈልገው ቡቺን ፈሩት መሰለኝ፣ ሰንሰለቱን ከኒሙ ዛፍ ፈትተው ፀሐይ ላይ ካለው የብረት ምሰሶ ጋር አሰሩትና ሥራቸውን ቀጠሉ። እማዬ ስትመለስ ተዘርሮ አገኘችው። ደውላ ስታለቅስ ሰው የሞተ መስሎኝ ከከዚራ በባጃጅ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ድዱ ቀልቷል፣ ምራቁ ወፍሮ ይዝለገለጋል፣ ሊነሳ ሲሞክር የኋላ እግሮቹ ይከዱታል። ትንፋሹ ከበር ይሰማል።

ከዚያ ስልክ። እዚህ ላይ ትንሽ ልማረር ፍቀዱልኝ። አንዱ ጋ ደወልኩ፣ «ነገ ጠዋት አምጡት» አለኝ። ነገ ጠዋት! ሌላው «ለበግ ከሆነ እንመጣለን፣ ውሻ አንነካም» አለ፤ እሺ፣ ቢያንስ ቁርጡን ነግሮኛል። ሦስተኛው ግን እስካሁን አልወጣልኝም። ነገሩን ከሰማ በኋላ ስልኩን ሳይዘጋ አጠገቡ ላለ ሰው «ውሻ ሙቀት መታው ይላሉ» ብሎ ሲስቅ ይሰማኛል። ያኛውም «በድሬ ሙቀት ያልተመታ ማን አለ?» ብሎ አብሮት ሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ያን ሰዓት ግን እናቴ የውሻውን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አምና ጆሮው ቆስሎ የወሰድንበት ቤት ደግሞ ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ ሰጥተው፣ አንድም ጊዜ ሳይነኩት ብር ተቀብለው ነው የሸኙን። ቁስሉ በራሱ ጊዜ ዳነ። የማንንም ስም አልጠራም፣ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ።

የዚህን ሐኪም ቁጥር የሰጠኝ ፍየል የሚያረባ ዘመዳችን ነው። ሰዓቱ 8 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ድሬ በዚያ ሰዓት ማን ስልክ ያነሳል? ሱቁ ዝግ፣ ገሚሱ ሰው ተኝቷል፣ ገሚሱ በርጫ ላይ ነው። እሱ አነሳ። ሰላምታውን ቶሎ ጨርሶ «መቆም ይችላል? ያስመልሰዋል? አሁን ጥላ ውስጥ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «እስክመጣ ሰውነቱን ውሃ አፍስሱበት፣ አፉ ውስጥ ግን በግድ እንዳታፈሱ፣ ወደ ሳንባው ይገባል» አለና ዘጋው። ብዙም ሳይቆይ ከባጃጅ ሲወርድ አየሁት፤ በሽርጥ ነው! ሽርጥ፣ ነጠላ ጫማ፣ በእጁ ቦርሳ። ሱሪ ለመልበስ እንኳ ጊዜ አላባከነም።

ገና ከበር ሲገባ ጎረቤቶች ቡቺ ላይ የጣሉበትን እርጥብ ጋቢ አነሳው። «ውሃው ጥሩ ነው፣ እንዲህ ተሸፍኖ ከቆየ ግን ሙቀቱን መልሶ ያፍነዋል» አለ። ቀጥሎ የቧንቧውን ውሃ በእጁ ነካና ዘጋው። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ በዚያ ፀሐይ ምን እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ፣ ሻይ ሊፈላበት ምንም አልቀረውም። «ቤት ውስጥ ጥላ ላይ የዋለ ውሃ የለም?» ሲል ጎረቤታችን፣ ቡቺን ደጃፏ አስደርሳው የማታውቀው ሴትዮ፣ ጀሪካን ተሸክማ መጣች። አላህ ይስጣት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ቬንትሌተር የለም፤ እማዬ የቡና ከሰል የምታቀጣጥልበትን ማራገቢያ አመጣች። እሱ ሆዱን፣ ብብቱንና መዳፎቹን ያርሳል፣ እሷ ታራግባለች። «በርቺ ማዘር፣ ንፋሱ ነው የሚያድነው» ይላታል። እናቴ በዚህ ዕድሜዋ እንዲያ ስታራግብ አይቻት አላውቅም።

ሙቀቱን ሲለካው ከ41 በላይ ነበር። ጤነኛ ውሻ 38 እና 39 መካከል ነው አለኝ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን እኔን አትጠይቁኝ፤ እግሩ ላይ ትንሽ ፀጉር ላጨ፣ ጉሉኮሱን የመስኮቱ ብረት ላይ ሰቀለ፣ የሆነ ነገር ወጋው፣ እየደጋገመ ለካው። እኔ የማውቀው ትንፋሹ ቀስ በቀስ እየረገበ መሄዱን ነው። ብድግ ብሎ የሐኪሙን ክንድ ሲልሰው እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። ሰፈር ሁሉ ሰርግ መስሎት ወጣ።

ሰው ይህን ጨርሶ ሂሳቡን ይቀበልና ይሄዳል አይደል? እሱ ማታ ሥራውን ጨርሶ ሳንጠራው ተመልሶ መጣ። ሙቀት የመታው ውሻ የዳነ መስሎ በቀናት ውስጥ ኩላሊቱ ሊታመም ይችላል፣ ሽንቱን ተከታተሉ፣ ከጠቆረ ወይ ደም ካያችሁ በሌሊትም ቢሆን ደውሉ አለን። ለዚያኛው መምጣት ሳንቲም አልተቀበለም። እማዬ ቡና አፍልታ እስከ ሦስተኛው አስቀመጠችው።

ለምን እንደዚህ እንደምሆን ላስረዳችሁ። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የምድር ባቡር ሰው ነበር። ጡረታ በወጣ ሰሞን ነው ቡቺን በኮቱ ኪስ ከለገሃር ይዞት የመጣው። እማዬ «ከቤቴ አውጣልኝ» ብላ ሳምንት ሙሉ አኩርፋ ነበር። አባዬ ካረፈ በኋላ ግን ማታ ማታ የምታወራው ከእሱ ጋር ነው። እኛ ልጆቿ የየራሳችን ቤት አለን፤ በሯን የሚጠብቀው ቡቺ ነው። ሐኪሙ ይህን አላወቀም፣ ማንም አልነገረውም። ግን «ለውሻ ነው ይሄ ሁሉ?» የሚል ፊት አንድም ጊዜ አላሳየንም።

ቡና ላይ የነገረንን ለእናንተም ላካፍል፣ ሰኔም እንደ ግንቦት ነው። ውሻ እንደ እኛ በመላ ገላው አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው፣ ስለዚህ በዚህ ሙቀት አፉን አስሮ ማቆየት ማለት መግደል ነው። የቆርቆሮ ቤቱ ቀን ቀን ምጣድ ስለሚሆን እዚያ እንዲውል አታስገድዱት። ጥላ ይዞራል፤ ጠዋት ጥላ የነበረው ቀትር ላይ ፀሐይ ነው፣ ስታስሩት ይህን አስቡ። የብረት ሳህን ውሃውን ያግለዋል፣ የሸክላ ገንቦ ስባሪም ቢሆን ይሻላል። አስፋልት ላይ የእጃችሁን ጀርባ ጥቂት ሰከንድ ማቆየት ካልቻላችሁ መዳፉም አይችልም፤ በማለዳ ወይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አውጡት። አፍንጫ ደፍጣጣ፣ ወፍራምና ያረጁ ውሾች ቶሎ ይጎዳሉ። ከሐረር ወይ ከአዲስ አበባ ውሻ የምታመጡ ደግሞ አደራ፤ ሐረር 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ እኛ 1,200 ገደማ ላይ ነን፣ ሰውነቱ እስኪለምድ ቀን ቀን ቤት ይዋል። ያው የእብድ ውሻ ክትባቱንም በየዓመቱ አትዝለሉ አለን፣ ይህን ሦስት ጊዜ ነው የደጋገመው።

ድሬዎች፣ ውሻ ያላችሁ፣ ድመትም ያላችሁ፣ ይህን ሰው ያዙት። ዋጋው ቀድሞ ይነገራል፣ መድኃኒቱ ከነስሙ በወረቀት ተጽፎ ይሰጣል፣ የማይችለውን «አልችልም» ይላል። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ጠዋት ጠዋት ገጠር ለከብቶች ስለሚወጣ ካላነሳ አትቀየሙት፣ ራሱ መልሶ ይደውላል። ለፍየልም ለግመልም እኩል ነው የሚሮጠው፤ ብቻ በሽርጥ ቢመጣ እንዳትደነግጡ።