ክሌፕ፣ ዲኤስኤስቲ ወይስ ክፍል ገብቶ መማር? ከመክፈላችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ሊጀምር ያሰበ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ክፍል ሳልገባ ፈተና ብቻ ወስጄ ክሬዲት ባገኝ አይሻልም?» ክሬዲት ማለት ለዲግሪ የሚቆጠር የኮርስ ነጥብ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው በፈተና ማግኘቱ ይሻላል። ክሌፕ (CLEP) እና ዲኤስኤስቲ (DSST) ካለፋችኋቸው ብዙ ኮሌጅ ክሬዲት የሚሰጥባቸው ፈተናዎች ናቸው፤ ከሁለቱ ያለማመንታት የምመርጠው ክሌፕን ነው።

ሒሳቡን እንየው። ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ውስጥ፣ የቨርጂኒያ ነዋሪ ሆናችሁም፣ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ከ500 ዶላር በላይ ያስወጣል። መጽሐፉና ከሥራ የምትቀሩበት ሰዓት ገና አልተቆጠረም። የክሌፕ ክፍያ 100 ዶላር አይሞላም። የመፈተኛ ጣቢያው ግን የራሱን ክፍያ ይጨምርበታል፤ ይህ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሁለት ሦስት ቦታ ደውላችሁ አወዳድሩ።

የፈተናውን ክፍያም ቢሆን ከኪሳችሁ ማውጣት የለባችሁም። ሞደርን ስቴትስ የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ለክሌፕ የሚያዘጋጅ ኮርስ በኢንተርኔት በነጻ ይሰጣል። ኮርሱን ለጨረሰ ሰው የፈተናውን ክፍያ የሚሸፍን ቫውቸር ይልካል። ቫውቸሩ እጃችሁ ሳይገባ ካርዳችሁን እንዳታወጡ።

ዲኤስኤስቲም ዋጋው ከክሌፕ ብዙም አይርቅም። ግን ይህ የነጻ ቫውቸር የለውም፤ የሚቀበሉት ኮሌጆችም ያንሳሉ። እኔ የምመክረው ክሌፕ የሌለው ትምህርት ሲያስፈልግ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የሕዝብ ንግግር። እዚያ ላይ ምርጫ ማጥቆር ብቻ አይደለም፣ ንግግር አድርጋችሁ ድምፃችሁ ይቀረጻል።

አሁን ሰው የሚከስርበትን ልንገራችሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ትክክለኛው የክሌፕ ጥያቄ» ተብሎ በቴሌግራም 80 ዶላር ከፍሎ ፒዲኤፍ ገዛ። ከፍተን ስናየው ግማሹ የሃይስኩል ሒሳብ ነው፤ መልሶቹም የተሳሳቱ ነበሩ። ሻጩ ወዲያው ብሎክ አደረገው። እውነተኛ ጥያቄ ቢሆንም እንኳ የተሰረቀ ነው፤ ከተነቃ ውጤት ይሰረዛል። እባካችሁ ለእንዲህ ያለ ነገር ሰባራ ሳንቲም አትክፈሉ።

ሁለተኛው ኪሳራ የተሳሳተ ፈተና መውሰድ ነው። የእንግሊዝኛ ድርሰት ክሌፕ ሁለት ዓይነት ነው፤ ኮሌጅ ኮምፖዚሽን እና ኮሌጅ ኮምፖዚሽን ሞጁላር። የመጀመሪያው ሁለት ድርሰት ያስጽፋል። ብዙ ኮሌጅ የሚፈልገው እሱን ነው። አንዲት ጓደኛዬ ይቀላል ብላ ሞጁላሩን ወሰደች፣ አለፈች፣ ኮሌጇ ግን አልቆጠረላትም። በእንባ ነው የደወለችልኝ። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት አድቫይዘራችሁን (ኮርስ የሚያማክራችሁን የኮሌጅ ሠራተኛ) በኢሜይል ጠይቁ። የትኛውን ፈተና ትቀበላላችሁ? ስንት ማምጣት አለብኝ? የሚተካልኝስ የትኛውን ኮርስ ነው? የመጨረሻውን አትርሱ። «ክሬዲት እንሰጣለን» ብለው ከዲግሪው የማይገባ ትርፍ ኮርስ አድርገው የሚመዘግቡ አሉ። በቃል የተነገራችሁን አትመኑ፤ መልሱ በጽሑፍ ይሁን።

ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ነው፤ አብዛኛው ኮሌጅ 50 ይጠይቃል። ከወደቃችሁ ያንኑ ፈተና ለመድገም ሦስት ወር መጠበቅ ግድ ነው። ፈተናው ቀን ኮሌጃችሁን ከመረጣችሁ ውጤቱ በነጻ ይላካል፤ በኋላ ካላችሁ ለትራንስክሪፕት (ለውጤት ማስረጃው) ትከፍላላችሁ።

ክፍል መግባት የሚሻላቸውም አሉ። ነርሲንግ ወይም ሕክምና የምታስቡ፣ ሳይንሱን በክሌፕ አትሞክሩት። ክሌፕ የላብራቶሪ ትምህርት የለውም፤ የነርሲንግና የሕክምና ትምህርት ቤቶች ደግሞ ላብራቶሪ ይፈልጋሉ። ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ማንሳት ለሚፈልግም አይሆንም፤ ክሬዲት እንጂ ኤ ወይም ቢ አይሰጥም። በኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ክሌፕ የሙሉ ጊዜ ተማሪነታችሁን አይሞላላችሁም።

ለእኛ ብቻ የሚሆን አንድ ነገር አለ። ክሌፕ በቋንቋ በኩል ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ብቻ ነው ያለው። አክትፍል የሚባለው ተቋም ግን አማርኛን በስልክ ቃለ መጠይቅ ይፈትናል። ከክሌፕ ይወደዳል፣ ሁሉም ኮሌጅም አይቀበለውም። ዲግሪያችሁ የውጭ ቋንቋ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ለአድቫይዘሩ በምትልኩት ኢሜይል ላይ ይህንንም ጨምሩበት።