የድሮ ራሌ የሴት ሳይክል ላይ ምን ገጠምኩ፣ ክረምቱንና ውርጩን ካለፈ በኋላ ምኑ ተረፈ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሰኔ ጀምሮ የምነዳው የድሮ ራሌ (የእንግሊዝ ስሪት) የሴት ሳይክል ነው፣ ያ የላይኛው ብረት የሌለው፣ ቀሚስ ለብሶ ነጠላም ደርቦ ዝም ብሎ የሚወጣበት። ቴላዮውን (ዋናውን የብረት አካል)፣ መሪውንና የኋላውን ባለ 3 ማርሽ ሞዞ (ሽቦዎቹ የሚታሰሩበትን የጎማ መሃል) አልቀየርኩም። የቀየርኩት ቸርኬ (ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት)፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና (ፔዳሉን ከኋላ ጎማ የሚያገናኘው ሰንሰለት)፣ የኋላ ጥርስና የኩሽኔታ ኳሶች ነው። አሁን ጥር ነው፣ የሐምሌን ዝናብም የታህሳስን ውርጭም አይቷል፣ ስለዚህ የቱ እቃ ዋጋውን እንዳወጣ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

ጎማ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። 26 የሚል ጎማ ሁሉ አንድ አይደለም! መርካቶ ገብታችሁ 26 ስትሉ የሚሰጣችሁ የማውንቴን ሳይክል ነው፣ እሱ የሚቀመጥበት ቸርኬ 559 ሚሊ ነው፣ የራሌው 26 በ1 ከ3/8 ግን 590 ነው፣ በምንም ተአምር አይገባም። የቻይናና የህንድ ትልልቆቹ 28 በ1 ተኩል ደግሞ 635 ናቸው። ስለዚህ ኢንቹን ተዉትና ጎማው ጎን ላይ በደቃቁ የተጻፈውን 37-590 ፈልጉ። «ቸርኬውን በማውንቴን ቀይሪውና ተገላገይ» ያሉኝ ነበሩ፣ ግን ቸርኬው ሲያንስ ከፍሬኑ ላስቲክ 15 ሚሊ ያህል ይርቃል፣ ሳይክሉም ዝቅ ስለሚል ኮብልስቶን ላይ ስትታጠፉ ፔዳሉ መሬት ሊመታ ይችላል።

ከወጪዬ ከግማሽ በላይ የሄደው ሁለት የአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ ነው፣ አክስቴ ከውጭ ስትመጣ ይዛልኝ የመጣችው፣ እና አንድ ብር አይቆጨኝም። የድሮው ክሮም የተቀባ ብረት በደረቅ ቀን ምንም አይልም፣ ሲዘንብ ግን ፍሬን ይዛችሁ ሳይክሉ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ላስቲኩ ውሃውን እስኪጠርገው ትጠብቃላችሁ፣ ከዛ ደግሞ በድንገት ቀጥ ይላል። ወደ በሬሳ ወንዝ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ ከፊት ባጃጅ ከጎን በግ እየሄደ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። አሉሚኒየሙ በሐምሌ ዶፍም ወዲያው ይይዛል። ከማዘዛችሁ በፊት ግን የሞዞውን ቀዳዳ ቁጠሩ፣ የድሮ እንግሊዞች ብዙ ጊዜ ከፊት 32 ከኋላ 40 ነው የሚሰሩት፣ አሁን በብዛት የሚሸጠው ቸርኬ 36 ነው። የኔ ሁለቱም 36 ስለሆነ ተገላገልኩ። አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ኮብልስቶኑ የጎማውን ሽቦዎች ያላላቸዋል፣ በየጊዜው ማስጠበቅና ማስተካከል የግድ ነው።

ስለ ማርሹ ካወራሁ አላበቃም። ስተርሜ አርቸር ኤደብሊው ይባላል፣ ከ1936 (በፈረንጅ) ጀምሮ የተሰራ ነው፣ ማርሾቹ በሙሉ ሞዞው ውስጥ ተዘግተው ስላሉ ጭቃ አይነካቸውም። «ይሄን አሮጌ ጣይውና ባለ 7 ማርሽ እንግጠምልሽ» ሲሉኝ እምቢ አልኩ፣ የማውንቴን የኋላ ሞዞ 135 ሚሊ ስፋት አለው፣ የኔ ቴላዮ ሲለካ 114 ነው፣ ያንን ያህል በጉልበት ከፍቶ ማስገባት ቴላዮውን መበደል ነው። የሚያስፈልገው ማቅለል ብቻ ነበር። አንደኛው ማርሽ የሁለተኛውን 75 በመቶ ነው የሚሰጠው፣ ከፊት 46 ጥርስ ከኋላ 18 ሆኖ ሲመጣ ለዚህ ዳገትና ለዚህ ነፋስ ይከብዳል፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ ትንፋሽም አለ። የኋላውን በ22 ጥርስ ቀየርኩት፣ ቁጭ ብዬ እወጣለሁ። ጥርሷ ርካሽ ናት፣ በአንድ ቀለበት ሽቦ ነው የምትያዘው፣ ካቴናው ግን ስለሚያጥር ረዘም ያለ ያስፈልጋል፣ ወፍራሙን 1/8 ኢንች ግዙ።

ውስጡ ግራሶ እንዳታስሞሉ! ቀጭን ዘይት ጠብታ ጠብታ ነው የሚፈልገው። አንድ ጋራዥ ግራሶ ጠቅጥቆልኝ ውርጭ ባለበት ጠዋት ውስጥ ያሉት ትናንሽ ምላሶች ተጣብቀው ፔዳሉ በባዶ ይዞር ነበር፣ ታጥቦ በዘይት ሲተካ ለቀቀ። ሌላው የማርሹ ገመድ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ላይ አድርጋችሁ የኋላ ጎማ በቀኝ በኩል ባለው ዳዶ ቀዳዳ ወደ ውስጥ እዩ፣ ገመዱ ከሚጎትታት ትንሽ ሰንሰለት ጋር የምትገባው ቀጭን ዘንግ ከአክሱ ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለባት። ከላላ በሁለተኛና በሦስተኛ መሃል ባዶ ቦታ አለ፣ ዳገት ላይ ቆማችሁ ስትረግጡ እዛ ከገባ ፔዳሉ ይከዳችኋል፣ ደረታችሁን ከመሪው ጋር ያጋጫል።

የሁለቱ ፔዳል ክንዶች መሃል ላይ፣ ቴላዮው ውስጥ ተጠምዝዞ የሚገባውን ክብ መያዣ አትቀይሩት። ራሌ የመጠምዘዣውን ጥርስ በኢንች 26 አድርጎ ነው የቆረጠው፣ ሌላው በብዛት 24 ነው፣ በግድ ካስገቡት ቴላዮው አለቀለት። የኔ ደህና ስለነበረ ኳሶቹን ብቻ ቀየርኩ፣ ሩብ ኢንች፣ በየጎኑ 11። በቀኝ በኩል ያለው ደግሞ በተቃራኒ ነው የሚፈታው፣ ለባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩት። የፔዳሉን ክንድ የምታስረው ሽብልቅ ብረት አዲስ ከሆነች ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና መትታችሁ አጥብቁ፣ ስትመቱ ከስር እንጨት ይደገፍ፣ ዳዶው ብቻውን አይስባትም።

ጭነት ላይ የሴት ቴላዮ ድክመት አለው፣ እውነቱን ልናገር። የላይኛው ብረት ስለሌለ ይጠመዘዛል፣ ከኋላ ከበድ ያለ ዱቄት ጭኜ ቁልቁለት ስወርድ መሪው ይንቀጠቀጣል። ፍጥነት ስቀንስ ይተወዋል፣ ግን ከወፍጮ ቤት በመጣሁ ቁጥር እንዲህ መሆን አልፈልግም። ለዚህ ከፊት ጎማ አክስ ላይ የሚቆም ዝቅ ያለ የቅርጫት መያዣ ብየዳ ቤት እያሰራሁ ነው፣ ልኬቱን ወስደዋል።