ክረምትና ውርጭ ያየ ጫማ፦ የተራራ ብስክሌት ጫማዬ በሰሜን ሸዋ

ጫማዬ ላይ ቀድሞ እጅ የሰጠው ጎማው አይደለም፤ ሙጫው ነው። የተራራ ብስክሌት ጫማ ይበረክታል ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ ከዚህ ይነሳል። ጫማ ስንገዛ ሁላችንም ሶሉን ገልብጠን ጥርሱን እናያለን። በአውራ ጣት ጫን ጫን እናደርገዋለን። መታየት ያለበት ግን ሶሉ ከላይኛው የጫማ ክፍል ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው። ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ላይ ጫማ የሚገድለው በዚያ መስመር የሚገባው ውሃ ነው።

ጫማውን ማድረግ የጀመርኩት ግንቦት ላይ ነው። ክረምቱን በሙሉ፣ ከዚያ የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ፣ አሁን ደግሞ የበልጉን ዝናብ አብሮኝ አይቷል። ሥራ የምሄደው በብስክሌት ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በአንኮበር መንገድ ወይም ወደ ጣርማ በር እወጣለሁ።

የምርቱን ስም ልተወውና አሠራሩን ልንገራችሁ። በዚህ አሠራር የሚወጡ ጫማዎች ብዙ ናቸው፤ ስትገዙ የሚጠቅማችሁም እሱ ነው። የተራራ ብስክሌት ጫማ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከሥሩ ትንሽ ብረት በሁለት ቡሎን ይታሰርበትና ፔዳሉ ላይ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። የብስክሌት ዕቃ አምራቹ ሺማኖ ይህን አሠራር ለተራራ ብስክሌት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ሁለተኛው ፍላት የሚባለው ነው። ብረት የለውም። ሶሉ ለስለስ ያለ ጎማ ነው፤ ፔዳሉ ላይ ያሉት ትንንሽ የብረት ጥርሶች ጎማውን ነክሰው ይይዙታል። የእኔ ፍላት ነው።

ፍላት የመረጥኩት በመረሬው ምክንያት ነው። ሐምሌ ላይ ከአስፋልት ወርዶ በማሳ ዳር የሄደ ሰው ይገባዋል። ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ጎማውንም ፍሬኑንም እግርንም እንደ ሊጥ ይይዛል። ያኔ መንዳት ቀርቶ መግፋትም ይከብዳል። የሚቆለፈው ጫማ ሥሩ ጭቃ ከሞላበት እምቢ ይላል። አብሮኝ የሚነዳ ጓደኛዬ ክረምቱን በሙሉ ቆም እያለ በእንጨት ሲጠርግ ነው የከረመው። በደረቅ ወቅት፣ በተለይ ረጅም ዳገት ላይ፣ እሱ ከእኔ ይሻላል። ያንን አልክድም። እዚህ ግን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጫማ መንዳት ለሚፈልግ ፍላት ይበልጣል ባይ ነኝ።

ወደ ምቾቱ ልምጣ። ከተራ ስኒከር ጋር ያለው ልዩነት የሚታወቀው ወዲያው አይደለም። አንድ ሰዓት ከነዱ በኋላ ነው። ስኒከር ሶሉ ስለሚተጣጠፍ እግር ፔዳሉ ላይ ይጠቀለላል። ውስጥ እግር መሃሉ ላይ ይደክማል፤ ቀስ በቀስ ጣቶች ይደነዝዛሉ። የብስክሌት ጫማ መሃሉ ጠንከር ያለ ስለሆነ ክብደታችሁን በእግራችሁ ሥር ሁሉ ያከፋፍለዋል። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን መንገድ በስኒከርም በዚህኛውም ሄጄዋለሁ። በስኒከር ስደርስ የምመኘው ጫማዬን ማውለቅ ነበር። በዚህኛው ስደርስ ግን ብስክሌቱን አስቀምጬ በእግሬ ቁልቁል ለማየት እወጣለሁ።

የከተማው ኮብልስቶንም ሌላ ፈተና ነው። ንዝረቱ በመሪው ብቻ ሳይሆን በፔዳሉም ወደ እግር ይመጣል። የጫማው መካከለኛ ንብርብር ስፖንጅ መሰል ነገር ነው፤ ያንን ንዝረት ይውጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በጣም ደስ የሚል ነበር። አሁን ተረከዙ ሥር ተጨፍልቋል። ይህ የዚህ ዓይነት ስፖንጅ ጠባይ ነው፤ ደጋግሞ ሲረገጥ ወደ ቦታው መመለሱን ይቀንሳል። የውስጥ ሶሉን አውጥቼ ወፈር ባለ ስቀይር ግማሽ ያህሉ ምቾት ተመለሰ።

ልክን በተመለከተ ጠበቅ አድርጌ የምመክረው ነገር አለ። ጫማውን ከሰዓት በኋላ ለኩት፤ እግር ቀኑን ሲውል ያብጣል። ስትነዱ የምታደርጉትን የሱፍ ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። ከፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅርለት። ምክንያቱም እዚህ አገር መንዳት ማለት መውረድም ማለት ነው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል የሚወስደውን የእግር መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ድሮ ሲራራ ነጋዴ የተመላለሰበት ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ነው፤ ከብስክሌት የሚወረድበት ቦታ ይበዛል። እንደዚያ ባለ ቁልቁለት ላይ እግር ወደፊት ይንሸራተታል። ጫማው ልክክ ያለ ከሆነ የአውራ ጣት ጥፍር ይጠቁራል።

በእግር መሄዱን ካነሳሁ ሶሉን በደንብ እዩት። አንዳንድ ፍላት ጫማ ከጫፍ እስከ ተረከዝ አንድ ዓይነት ጠፍጣፋ ነጥብ ነጥብ ነው። ፔዳል ላይ ሸጋ ነው፤ እርጥብ ሳር ላይ ግን አደገኛ ነው። የእኔ መሃሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ጫፉና ተረከዙ ጥልቅ ጥርስ አለው። ብስክሌት እየገፉ ዳገት ሲወጡ የሚያድነው ያ የፊት ጥርስ ነው። መረሬ ግን የትኛውንም ጥርስ ይደፍነዋል፤ ለሱ መድኃኒቱ ድንጋይ ላይ ረገጥ ረገጥ አድርጎ ማራገፍ ብቻ ነው።

ብርዱስ? ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በር ደግሞ ከ3000 በላይ ነው። ኅዳር ጠዋት አመዳይ ሳሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። በዚያ ሰዓት ጎማውም ስፖንጁም ይጠነክራል። ጫማው ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጣውላ የረገጡ ያህል ነው፤ ፔዳሉንም እንደ ቀትሩ አይነክስም። ስለዚህ ጠዋት ቁልቁለት ከመጀመሬ በፊት ትንሽ ዳገት እመርጣለሁ። አየር ማስገቢያ መረብ የበዛበት ጫማም እዚህ አይመከርም። ቆላ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጣርማ በር ላይ ነፋሱ ጉሙን ይዞ ሲመጣ በዚያ መረብ ሰተት ብሎ ይገባል። የእኔ ጫፉ ድፍን ነው፤ ጎኑ ላይ ብቻ ትንሽ ቀዳዳ አለው። በጣም በሚበርድበት ጠዋት ካልሲ ላይ ፌስታል አጥልቄ ከላይ ጫማውን አደርጋለሁ። ላብ ይይዛል፤ ግን ጣቶቼ አይደነዝዙም። ሲሞቅ አውልቄ ኪሴ እከተዋለሁ።

አሁን ወደ ሙጫው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የቀኝ ጫማዬ ጫፍ፣ በትንሹ ጣት በኩል፣ ስንጥቅ አወጣ። ቦታው ጫማው በእግር ስንሄድ የሚታጠፍበት ነው። ቀን ይርሳል፣ ማታ በከፊል ይደርቃል፣ ጠዋት ደግሞ ይታጠፋል። ምላሱና አንገቱ ላይ ያለው ስፖንጅ ውሃ ከጠጣ በሐምሌ ብርድ ለመድረቅ ሁለት ቀንም አይበቃው። ይህ ነው ሙጫውን ያደከመው።

መፍትሔው ያለው ሰፈር ውስጥ ነው። ጫማ ሰፊው ስንጥቁን ከፈት አድርጎ ጭቃውን ጠረገ፣ አደረቀው፣ ማስቲሽ ቀባ፣ ሲነኩት ያዝ እስኪያደርግ ጠበቀ፣ ከዚያ ዙሪያውን በወስፌ በሰም ክር ሰፋው። ሁለቱንም ጫማ አሰፋሁ። ከዚያ ወዲህ ቦታው ንቅንቅ አላለም። ሰውየው ያስተማረኝ ነገር ግን ከስፌቱ ይበልጣል። የእኔ ጫማ ጎማ ሶል ጎኑ ላይ ወደ ላይ ከፍ ብሎ እግሩን እንደ ጠርዝ ያቅፋል። መርፌ የሚይዘው ያ ጠርዝ ነው። ስፖንጁ ጎኑ ላይ ተጋልጦ ጎማው ከታች ብቻ የተለጠፈበት ጫማ ቢሆን ክሩ ስፖንጁን ይቆርጠው ነበር። ሰፊው መጀመሪያ ጎማውን ቦይ አድርጎ ቀደደውና ክሩን እዚያ ውስጥ ቀበረው። ካልተቀበረ ድንጋይ እየፋቀ ይበጥሰዋል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጎኑን እዩ፤ ሊሰፋ የሚችል ጫማ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ከቀለሙም ከማርካውም በፊት የምጠይቀው ይህን ሆኗል።

ሶሉ ሲያልቅስ የመኪና ጎማ ይለጠፍበት የሚል ሐሳብ ይነሳል። የበረባሶ ጎማ ዕድሜው የታወቀ ነው። ለዚህ ጫማ ግን አይሆንም። የመኪና ጎማ ደረቅ ነው፤ የፔዳሉ ጥርስ አይገባበትም፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል። የፍላት ጫማ ጎማ ለስላሳነቱ መጀመሪያ ዓለት ለሚወጡ ሰዎች ታስቦ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ፋይቭ ቴን የተባለ ጫማ አምራች ለገደል የሠራውን ጎማ በኋላ ወደ ብስክሌት አመጣው። ለስላሳ ጎማ ቶሎ ያልቃል፤ ጥቅሙም ከዚያው ልስላሴ የመጣ ስለሆነ ተቀብሎ መያዝ ነው። የእኔ መሃሉ ላይ የጥርስ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኗል፤ ግን ገና ይይዛል።

ስለ ማድረቅ ጥቂት ልበል። ጭቃውን ሳይደርቅ እጠቡት። መረሬ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በስፌቱ ውስጥ የቀረው ደቃቅ አሸዋም ክር ይፈጫል። የውስጥ ሶሉን አውጡ፤ ወረቀት ጠቅጥቁበት፤ ሲረጥብ ቀይሩት። የአሮጌ ደብተር ወረቀት ይበቃል። ከሰል ምድጃ ዳር ግን አታስቀምጡ። ያ ጓደኛዬ አንድ ማታ ከምድጃው ዳር አኑሮት ጠዋት ሶሉ ተላቆ አገኘው። ሙጫ በሙቀት ይለሰልሳል። ነፋስ ያለበት ጥላ ይሻላል፤ ነፋስ ደግሞ እዚህ አይጠፋም።

ጫማ ገዝቶ የብስክሌቱን ፔዳል እንዳለ የሚተው ሰው ግማሽ ገንዘቡን ጥሏል። ከብስክሌቱ ጋር የሚመጣው የፕላስቲክ ፔዳል ጥርሱ ቶሎ ያልቃል፤ ለስላሳው ጎማ የሚነክሰው ነገር ያጣል። በጀቱ ጠባብ ከሆነ መጀመሪያ ጥርስ ያለው የብረት ፔዳል ግዙ። ጫማው ቀጥሎ ይደርሳል።

ሰልባጅ ውስጥም ይህ ዓይነት ጫማ አንዳንዴ ይገኛል። ካገኛችሁ ጫፉን አጥፉትና በትንሹ ጣት በኩል ስንጥቅ እንዳለው እዩ። መሃሉን በሁለት እጅ አጥፉት፤ እንደ ስኒከር ከታጠፈ ውስጡ ያለው ማጠንከሪያ ተሰብሯል፤ ተዉት። ተረከዙን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ጎድጉዶ ከቀረ ስፖንጁ ሞቷል። ሶሉ ብቻ ተላቆ ሌላው ደህና ከሆነ ግን ዋጋውን አስቀንሳችሁ ውሰዱት፤ የሚሰፋ ጠርዝ ካለው ጫማ ሰፊ ያድነዋል።