ከወለል እስከ ክርኔ 63 ሴንቲ ሜትር

ቁመቴ 1 ሜትር ከ54 ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው በምክንያት ነው። ስለ ጠረጴዛና ስለ ወንበር ግምገማ የሚጽፉ ሰዎች ቁመታቸውን አይናገሩም። እኔ ደግሞ እነሱ ያመሰገኑትን ሁሉ ሰበሰብኩና አንገቴ እንደ እንጨት ደርቆ ቀረ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለእኔ ነው።

ሥራዬ ትርጉም ነው። በቀን ሰባት ስምንት ሰዓት እጽፋለሁ። በአማርኛ ሲጻፍ ለአብዛኛው ፊደል ሁለት ጊዜ ቁልፍ እንደሚመታ ታውቃላችሁ። እጄና ትከሻዬ የሚውሉበትን ቦታ መናቅ አልችልም።

ዛሬ የምገመግመው በኤሌክትሪክ ከፍና ዝቅ የሚል ጠረጴዛ ነው። ቤት ከገባ 14 ወር ሆነው። ግን ጠረጴዛውን ነጥሎ ማውራት አይቻልም። ወንበሩ፣ ሞኒተሩ፣ ኪቦርዱ ሁሉም በእሱ ከፍታ ይመራሉ። እኔ ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሁሉንም የገዛሁት በግልባጩ ቅደም ተከተል ነበር።

መጀመሪያ የገዛሁት ወንበር ነው። ሁሉም ሰው «ከወንበር ጀምሪ» ይላል። ወንበሩ ጥሩ ነው። መደገፊያው መረብ ነው፣ የክንድ ማሳረፊያው ወደ ላይም ወደ ጎንም ይሄዳል፣ ወገብ ጋ ደህና አድርጎ ይይዛል። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። የድሮው ጠረጴዛዬ ከፍታ 75 ሴንቲ ሜትር ነበር። አብዛኛው የቢሮ ጠረጴዛ እዚያው ገደማ ነው። ክንዴ ከጠረጴዛው እኩል እንዲሆን ወንበሩን ከፍ ሳደርገው እግሬ ወለሉን ለቀቀ። የትልቅ ሰው ወንበር ላይ እንደወጣች ሕፃን እግሬን አንጠልጥዬ እሠራ ጀመር። የወንበሩ ጠርዝ ጭኔን ከሥር ይጫነዋል። ከሰዓት በኋላ እግሬ ይደነዝዛል። ወንበሩን ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል። አንድ ሰሞን አንገቴ ከመድረቁ የተነሳ ሰው ከኋላ ሲጠራኝ በሙሉ ሰውነቴ ነበር የምዞረው።

የእግር ማሳረፊያ ጨመርኩ። ረዳኝ፣ አልክድም። ገንዘብ ለቆጠበ ሰው ዛሬም እሱን ነው የምመክረው። ችግሩ እግርን አንድ ቦታ ማሰሩ ነው። ወንበሬን ትንሽ ገፋ ካደረግሁ እግሬ በጨለማ ጫማ እንደሚፈልግ ሰው ይዳብሳል።

ነገሩን የፈታው ታናሽ ወንድሜ ነው። አንድ ቀን ሜትር ይዞ መጣ።

«እታለም፣ እስቲ ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

«ልብስ ልታሰፋልኝ ነው?»

«ዝም በያ!»

እግሬን ወለሉ ላይ አስረገጠኝ። ትከሻዬን አወረደው። ክርኔን 90 ዲግሪ አሳጠፈኝና ከወለል እስከ ክርኔ ለካ። 63 ሴንቲ ሜትር። ከጠረጴዛዬ በ12 ያነሰ። 12 ሴንቲ ሜትር ስንዝር እንኳ አይሞላም። ግን እኔን ለወራት ሲያሰቃየኝ የኖረው እሱ ነበር። ኪቦርዱም የራሱ ውፍረት አለው፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ከክርን ትንሽ ዝቅ ቢል ይመረጣል።

ጠረጴዛ ፍለጋው የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን መለስኩት። የሻጩንም የድርጅቱንም ስም አልጠራም። «እስከ ታች ይወርዳል» ብሎኝ ነበር። ለእሱ እስከ ታች ማለት 71 ሴንቲ ሜትር ነበር። ገጣጥሜ፣ ላቤ ጠብ ብሎ፣ የቁልቁለቱን ቁልፍ ስጫን ጥቂት ወረደና ቆመ። ደግሜ ተጫንኩ። አልሄደም። የተበላሸ መስሎኝ ነበር። አልተበላሸም፤ በቃ፣ ያ ነው መጨረሻው።

እዚህ ጋ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። የእነዚህ ጠረጴዛዎች እግር እንደ ሬዲዮ አንቴና አንዱ ቱቦ ከሌላው ውስጥ የሚገባ ነው። ቱቦው ሁለት ከሆነ ዝቅተኛው ከፍታ አብዛኛውን ጊዜ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ከሆነ 60 አካባቢ ይደርሳል፤ ወደ ላይም ከሁለቱ ትንሽ ይበልጣል። ለረጅም ሰው ልዩነቱ ብዙም ላይታየው ይችላል። ለእኔ ቢጤዋ ግን ሁሉ ነገር እሱ ነው። ሻጭ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሞተሩ፣ ስለሚሸከመው ክብደት ያወራችኋል። እናንተ «ቱቦው ስንት ነው?» በሉ። ከዚያ ደግሞ የተጻፈው ቁጥር የእግሩ ብቻ ነው ወይስ ሳንቃው ተጨምሮበት ብላችሁ ጠይቁ። የእኔው እግር 60 ይላል። ሳንቃው 2.5 ነው። ድምሩ 62.5 መጣ። ለጥቂት!

አሁን ያለኝ ባለ ሦስት ቱቦ፣ ባለ ሁለት ሞተር ነው። ሳንቃው 140 በ70 ነው። የ70ው ጥልቀት ይበቃል፤ ከዚያ ካነሰ ሞኒተሩ ፊት ላይ ይመጣል። መገጣጠሙ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን ትንሽ መፍቻ ተዉአት፣ እጅ ትልጣለች። ደህና ካቻቪቴ ያዙ። ሳንቃውን ገልብጣችሁ እግሩን እሱ ላይ ካሰራችሁ በኋላ ስታቆሙት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ይህን ለብቻዬ ሞክሬ የትንሿ ጣቴን ጥፍር አጥቻለሁ።

ድምፁ ማቀዝቀዣ ሲነሳ እንደሚሰማው ጉርምርምታ ነው። ሌላ ክፍል የተኛ ሰው አይቀሰቅስም። ከፍታ የሚያስታውሱ አራት ቁልፎች አሉት። 1 የእኔ መቀመጫ ነው። 2 የእኔ መቆሚያ፣ 97 ሴንቲ ሜትር። 3 እና 4ን ወንድሜ ወሰዳቸው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ84 ነው። ሲቀመጥ 73፣ ሲቆም 115። አንድ እናት የወለደችን አንመስልም።

እሱ ቁልፍ 4ን የተጫነበትን ቀን አልረሳውም። ያኔ ኮምፒውተሬ ወለሉ ላይ የሚቀመጥ ትልቅ ሳጥን ነበር። ሞኒተሩ ከእሱ ጋር የተገናኘው በ1 ሜትር ተኩል ኬብል ነው። ጠረጴዛው ወደ ላይ ሄደ፣ ኬብሉ ተወጠረ፣ ወንድሜ ስልኩን ያያል። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሞኒተሩ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ተጣሞ ስክሪኑ ጠቆረ። ጠረጴዛው ከእንቅፋት ጋር ሲጋጭ የሚያቆመው ነገር አለው ተብሎ ነበር። አለውም። ከወንበር ክንድ ጋር ሲጋጭ ይቆማል፣ ደጋግሜ አይቻለሁ። ለኬብል ግን አልቆመም። እሱን የሚያቆም ጉልበት ኬብል የለውም።

ከዚያ በኋላ ዲቫይደሩን ሳንቃው ሥር በብሎን አሰርኩት። ሁሉም ኬብል እዚያው ይሰካል፣ ከጠረጴዛው ጋር ይወጣል፣ ከጠረጴዛው ጋር ይወርዳል። ወደ ግድግዳ የሚሄደው አንድ ረጅም ገመድ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩንም ወደ ላፕቶፕ ቀየርኩ። በአንድ ዩኤስቢ-ሲ ኬብል ከሞኒተሩ ጋር ይገናኛል፣ በዚያው ኬብል ቻርጅ ያደርጋል። ይህን ለማድረግ የሞኒተሩ ዩኤስቢ-ሲ ኃይል የሚሰጥ መሆን አለበት። ሁሉም አይሰጥም፤ የሚሰጠውም ስንት ዋት እንደሆነ እዩ። የእኔው 65 ይሰጣል፤ ለላፕቶፔ በቅቶታል።

ላፕቶፕ ላይ ብቻ ጎንበስ ብላችሁ የምትውሉ ካላችሁ አንድ ነገር ልበል። ስክሪኑና ኪቦርዱ የተጣበቁ ናቸው። እጃችሁ ሲመቸው አንገታችሁ ይታጠፋል፣ አንገታችሁ ሲቀና እጃችሁ ይሰቀላል። ጠረጴዛ ሳትገዙ በፊት የተለየ ኪቦርድ ግዙና ላፕቶፑን መጻሕፍት ላይ ስቀሉት።

ወደ ሞኒተሩ ልመለስ። 27 ኢንች ነው፣ 2560 በ1440 ነጥብ (ፒክስል)። ከእሱ በፊት ያው 27 ኢንች፣ ግን 1920 በ1080 የሆነ ነበረኝ። ለፊልም ምንም አይልም። ለጽሑፍ፣ በተለይ ለእኛ ፊደል፣ አይሆንም። «ሉ» እና «ሊ»ን የሚለየው የአንዲት ጭረት ቦታ ነው። ነጥቦቹ ሲሳሱ ጭረቷ ትደበዝዛለች፤ እኔም ወደ ስክሪኑ እያዘነበልኩ አነባለሁ። 1080 ከሆነ በ24 ኢንች ላይ ይብቃችሁ።

የሞኒተሩን የራሱን እግር ግን አውጥቼ ጣልኩት። እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌው እንኳ የላይኛው ጠርዝ ከዓይኔ በላይ ነበር። መሆን ያለበት ከዓይን እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፣ ክንድ ሲዘረጋ በሚደርስበት ርቀት ላይ። ሽቅብ ሲታይ አገጭ ይነሳል፣ ዓይንም ሰፋ ብሎ ተከፍቶ ይደርቃል። ስለዚህ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የሚታሰር የሞኒተር ክንድ ገዛሁ። ከመግዛታችሁ በፊት የሞኒተራችሁን ጀርባ እዩ፤ በ100 ሚሊ ሜትር ርቀት አራት የብሎን ቀዳዳዎች ካሉት ይሆናል። ቬሳ የሚባለው ይሄ ነው። ክብደቱንም እዩ። ሞኒተሩ ለክንዱ ከቀለለ እንደ ፊኛ ወደ ላይ ይነሳል፤ የክንዱን ሞላ (ስፕሪንግ) በብሎን ማላላት አለባችሁ። ከገዛሁት ሁሉ ያልተቆጨሁበት ዕቃ ይህ ክንድ ነው። ከጠረጴዛው በፊት ብገዛው ኖሮ ግማሹ የአንገት ሕመሜ ያኔ ይቀር ነበር።

ኪቦርዱ በስተቀኝ ያሉት የቁጥር ቁልፎች የሌሉት፣ ስስ ነው። ማውዙ ወደ መሃል ስለመጣ ቀኝ ትከሻዬ አረፈ። ከኪቦርዱ ኋላ ያሉትን ትናንሽ እግሮች አጥፏቸው፤ ሲነሱ የእጅ አንጓ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ከዚህ በፊት ቁልፉ ሥር ሰማያዊ ስዊች ያለው ሜካኒካል ኪቦርድ ነበረኝ፣ ቀጭ ቀጭ የሚለው። ጣት ላይ ደስ ይላል። ቤተሰብ ላይ አይልም።

ስለ መብራት ብዙ አልልም። ጠረጴዛውን አዙሬ መስኮቱን ወደ ጎኔ አደረግሁት። ከኋላዬ ሲሆን ስክሪኑ ላይ ያበራ ነበር፣ ከፊቴ ሲሆን ዓይኔን ይወጋ ነበር። ይህ በነፃ ነው።

አሁን ስለ መቆሙ። ስገዛው ግማሽ ቀን ቆሜ እሠራለሁ ብዬ ፎክሬ ነበር። እውነቱ 25 ደቂቃ ነው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ከዚያ በላይ ከቆምኩ ተረከዜና ወገቤ በተራቸው ይነሳሉ። ቆሜ አዲስ ነገር መተርጎም አልችልም፣ ሐሳቤ አይረጋም። የጻፍኩትን ማረምና ስልክ ማውራት ግን ቆሜ ይሻለኛል። ስህተት ቶሎ ይታየኛል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። እግር ሥር ወፈር ያለ ምንጣፍ አድርጉ።

ጉድለቱን ልናገር። አንደኛ፣ በ14 ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ቁጥር የሚያሳየው ቦታ ላይ ያልገባኝ ምልክት አውጥቶ አልንቀሳቀስም አለ። መመሪያው «ባለሙያ ያማክሩ» ይላል። መፍትሔው የቁልቁለቱን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ታች እስኪደርስ፣ ከዚያም ትንሽ ዝቅ ብሎ መልሶ እስኪነሳ ድረስ ተጭኖ መቆየት ነበር። ሁለተኛ፣ ከፍ ሲል ይወዛወዛል። ቱቦው በወጣ ቁጥር መወዛወዙ ይብሳል፣ የሞኒተሩ ክንድ ደግሞ ያጎላዋል። እኔ በ97 ቆሜ ስጽፍ ስክሪኑ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ካልፈለግሁት አላየውም።

ከ5 ስንት? 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለመወዛወዙ ነው። ወንድሜ ይህን አንብቦ «3 ነው፣ ከዚያ አይበልጥም» ብሏል። እሱ የሚቆመው 115 ላይ ነዋ።