አሮጌ መኪና ያላችሁ ተጠንቀቁ፦ የራሴን የአንቴና ሞተር ቀለም ቀብተው ለራሴ ሸጡልኝ

ደሴና ኮምቦልቻ አሮጌ መኪና የምትነዱ ሁሉ ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ነገሩ የአንቴና ነገር ነው። ሬዲዮ ሲከፈት ብቅ፣ ሲዘጋ ጥልቅ የሚለው ባለሞተሩ አንቴና። "ለአንቴና ይሄ ሁሉ ጽሑፍ?" የሚል አይጠፋም። እኔም 16 ሺህ ብር ከኪሴ እስኪወጣ ድረስ እንደዚያው ነበር የምለው።

መኪናዋ በፈረንጅ 1993 ሞዴል የሆነች ላንድክሩዘር ናት። አባቴ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ገዝቷት፣ ዓይኑ ሲደክም ለእኔ ያስተላለፋት። አንቴናዋ የፊት ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ) ላይ ነው። ከሁለት ወር በፊት ሬዲዮውን ሳልዘጋ ላቫጆ አስገባኋትና ልጁ ጣሪያውን ሲጠርግ ክንዱ አንቴናውን መታው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ላቫጆ ሲገባ ሬዲዮ ይዘጋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘንጉ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። ሬዲዮ ስከፍት ከፓራፋንጎው ሥር "ዝዝዝዝ" የሚል ድምፅ አሥር ሰከንድ ያህል ይሰማና ዝም ይላል። ዘንጉ ግን ንቅንቅ የለም።

ይህን "ዝዝዝ" ያዙልኝ። ጠቅላላ ነገሩ እሱ ላይ ነው።

ለሌላ ጉዳይ ኮምቦልቻ ወርጄ ሳለ፣ የኤሌክትሪክ ሥራና የመኪና ዕቃ ሽያጭ አንድ ላይ ከያዘ ቤት ጎራ አልኩ። ስሙን አልጠራም። ልጁ ሬዲዮውን አስከፈተኝ፣ ድምፁን ሰማ፣ ከዚያ ኮፋኖ እንኳ ሳያስከፍት ፍርዱን ሰጠ።

"ጋሼ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል። ይሄ አይጠገንም፣ ሙሉ ዕቃው ነው የሚቀየረው።"

"ኧረ ድምፅ አለው እኮ" አልኩት።

"እሱ የመጨረሻ ጣሩ ነው ጋሼ። አብሽር፣ ኦርጅናል የጃፓን አለን፤ አንድ ብቻ ነው የቀረው።"

አንድ ብቻ የቀረ ዕቃ ሁልጊዜ ለእኔ ነው የሚጠብቀኝ። ዕቃው 14,500፣ የእጅ 1,500፣ ቀብድ 8 ሺህ በቴሌብር። "ሥራው ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ምሳ በልተው ይምጡ ጋሼ" አለኝ፤ እኔም ሞኙ ምሳዬን ልበላ ሄድኩ። ከበላሁት ክትፎ ይልቅ የሄድኩበት ሁለት ሰዓት ነው የከበደኝ።

ስመለስ ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ ፕላስቲክ ገና አልተገጠመም ነበር። ልጁ በባትሪ መብራት እያበራ አሳየኝ። ሞተሩ ብርማ ሆኖ ያብረቀርቃል። ሬዲዮ ከፈተ፣ ወጣ። ዘጋ፣ ገባ። ሁለቴ ደገመልኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። አሮጌውን ዕቃ ስጠይቀው "እሱን ቆሻሻ ቁራሌው ይዞት ሄደ" አለኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ ደግሞ ማሽኑ ተበላሽቶ ኖሯል። በእስክሪብቶ "አንቴና 1" ብሎ የጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ተሰጠኝ፤ ማኅተም የለው፣ ስም የለው። ቀሪውን 8 ሺህ ልኬ ዳገቱን ወጣሁ።

አራት ቀን ሠራ።

በአምስተኛው ማታ ደሴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አምሽቶ ነበር። መኪናዋን አቁሜ፣ ሬዲዮውን ዘግቼ ገባሁ። ጎረቤታችን እትዬ በማግስቱ ጧት "አንተ፣ መኪናህ ውስጥ ንብ ገብቷል እንዴ? ሌሊቱን ሙሉ እዝዝ ሲል ነው ያደረው" አሉኝ። እሳቸው ይህን ሲሉኝ እኔ ቁልፉን እያዞርኩ ነበር። ቀጭ። ሌላ ድምፅ የለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። የናፍጣ መኪና ጧት በደህናው ባትሪም እያቃሰተ ነው የሚነሳው፤ ባዶ ባትሪ ይዞማ አይሞከርም። ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ አገናኝተን አስነሳናት።

እዚሁ ደሴ፣ ፀጉራቸው በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ የሸበተ አንድ አዛውንት አሉ። እሳቸው ጋ ወሰድኳት። ሥራቸው ደስ ይላል። ካቻቢቴ ከማንሳታቸው በፊት "ሬዲዮውን ክፈተው እስቲ" ብለው ጆሯቸውን ፓራፋንጎው ላይ ለጠፉ። ሐኪም ደረት ሲያዳምጥ ነው የመሰለኝ።

"ሞተሩ እኮ እንደ በሬ ነው" አሉ። "ተቃጠለ ያለህ ማነው? የተቃጠለ ሞተር ዝም ይላል እንጂ ይዘፍናል?"

ከዚያ ፈትተው አሳዩኝ። በዘንጉ ውስጥ የሚሄድ የናይለን ገመድ አለ፤ አንድ ጎኑ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሠራ። ሞተሩ አንዲት ጥርሳም ክብ ያዞራል፣ ክቧ የገመዱን ጥርስ እየነከሰች ዘንጉን ወደ ላይ ትገፋለች፣ መልሳ ስታስገባው ገመዱ ክብ ቤት ውስጥ ይጠቀለላል። ናይለኑ በዕድሜ ብዛትና በሙቀት ይደርቃል። ዘንጉ ሲጣመም ወይም አቧራና ጭቃ ሲይዘው ሞተሩ መግፋቱን አይተውም፣ የደረቀው ጥርስ ይረግፋል ወይም ገመዱ ይበጠሳል። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ባዶውን ይዞራል። "ዝዝዝ" ማለት ይሄ ነው፤ ሞተሩ ደህና ነው፣ ገመዱ ሄዷል ማለት ነው። ድምፅ ጭራሽ ከሌለ ነው ወደ ፊዩዙ፣ ኤሌክትሪኩን ወደሚያበራና ወደሚያጠፋው ሪሌ፣ ወደ ሽቦው፣ በመጨረሻም ወደ ሞተሩ የሚኬደው።

የእኔ ገመድ ተበጥሶ የነበረበት ቦታ በሱፐር ግሉ ተጣብቆ፣ በቀጭን ሽቦ ታስሮ ነበር። አራት ቀን የቆየው እሱ ነው። ሌላም አለ። ሞተሩን ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የሚያስቆመው የሪሌው መስመር ተዘሎ፣ ሁለት ሽቦ ተጠማዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል። የታሰረው ገመድ እየተጎተተ ስለሚዘገይ፣ ዘንጉ መንገዱን ሳይጨርስ ሞተሩ እንዳይቆምበት ነው ልጁ ያንን ያደረገው። ገመዱ ዳግም ሲበጠስ ሞተሩን የሚያቆም ነገር አልቀረም። ባትሪው እስኪያልቅ ዞረ። አዛውንቱ ናስትሮውን ሲፈቱ ራሳቸውን ነቀነቁና "ይሄ ከባትሪም አልፎ እሳት ያስነሳ ነበር" አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሽማግሌው ብርማውን ሞተር አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት። "ይሄ ከቀለም ቆርቆሮ ከወጣ ሳምንት አልሞላውም" አሉ። ጨርቅ ቤንዚን ውስጥ ነክረው ጎኑን ማሸት ጀመሩ። ብርማው ቀለም እንደ ወተት እየሟሸሸ ጨርቁ ላይ ቀረ። ከሥሩ ዝገት መጣ። ከዝገቱ ውስጥ በሚስማር የተጫረ 7 ብቅ አለ። ከዚያ ሁለተኛው ቁጥር። ሦስተኛው።

እግሬ ከዳኝ። አባቴ ዕድሜውን በሾፌርነት የኖረ ሰው ነው። የሱ የሆነ ነገር ሁሉ ላይ፣ ባትሪ ይሁን ክሪክ (መኪና ማንሻው)፣ የስኮርታ ጎማ ቸርኬም ሳይቀር፣ የሰሌዳዋን የመጨረሻ ሦስት ቁጥሮች በሚስማር ይጭራል። ስንት ዓመት ሳቅኩበት። 14,500 ብር የከፈልኩበት "ኦርጅናል የጃፓን" ሞተር የአባቴ ሞተር ነው! ቁራሌው ወሰደው የተባለው! ጃፓን መሠራቱ እንኳ ውሸት አልነበረም።

ጥገናውን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ከባድ አይደለም። ዘንጉ ከነናይለን ገመዱ ለብቻው ይሸጣል። ፓራፋንጎው ላይ ያለው ዳዶ ይፈታል፣ ሬዲዮ ይከፈታል፣ ሞተሩ አሮጌውን ዘንግ ወደ ላይ ይተፋዋል። የተበጠሰ ቁራጭ ውስጥ ከቀረ ክብ ቤቱ ተከፍቶ መውጣት አለበት፤ ቸኩሎ አዲሱን በላዩ የሚገፋ ሰው አዲሱንም ይሰብራል። ከዚያ የአዲሱ ገመድ ጥርስ ወደ ክቧ ዞሮ ይገባል፣ አንድ ሰው ሬዲዮውን ይዘጋል፣ ሌላው ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ሞተሩ ራሱ ይስበዋል። እኔ ለዘንጉ 2,200፣ ለእጅ 800 ከፈልኩ። አዛውንቱ ከሞተሩ ግርጌ ያለችውን የውሃ መውጫ ቱቦ በሽቦ ጠረጉልኝ፤ እሷ በጭቃ ስትደፈን ነው የክረምቱ ውሃ ሞተሩ ውስጥ የሚተኛው። ዘንጉን ግሪስ እንዳልቀባውም አስጠነቀቁኝ። ግሪስ አቧራ ይሰበስባል፣ የኮምቦልቻን አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ኮምቦልቻ ተመልሼ ወረድኩ። ሞተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን አሳየሁት። መጀመሪያ "ጋሼ፣ ተሳስተው ይሆናል" አለኝ። የሰሌዳዬን ቁጥር ሳሳየው "የኤሌክትሪክ ዕቃ ዋስትና የለውም" አለ። ድምፄን ከፍ ሳደርግ "ከፈለግህ ሂድና ክሰስ" አለኝ። ከ"ጋሼ" ወደ "አንተ" ለመውረድ ሦስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ጓደኛው ደግሞ ሊያስታርቀን ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ በግማሽ ዋጋ ጣሪያ ላይ የሚለጠፍ አጭር ቡስተር (ማጉያ ያለው አንቴና) ልግጠምልህ አለኝ።

ስለዚህ ቡስተር አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው እየተበላበት ነውና። የኤፍኤም ሞገድ ርዝመት ወደ 3 ሜትር ገደማ ነው፤ ለሱ የሚስማማው ዘንግ የዚያ አንድ አራተኛ፣ ማለትም 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የድሮ መኪና አንቴና ረጅም የሆነው ለጌጥ አይደለም። የጣት ያህል አጭሩ አንቴና የሚይዘው ሞገድ ያንሳል፣ ማጉያው ያንኑ ያነሰውን ከነጩኸቱ ነው የሚያጎላው። ከደሴ ወደ ቦርከና ሸለቆ ስትወርዱ ጣቢያው የሚንሾካሾከው ተራራው መሐል ስለሚገባ ነው፤ ያንን የትኛውም ቡስተር አይመልሰውም። ሻጭ ሲያሳያችሁም ከፍላሽ ሙዚቃ ከፍቶ "ስማው እንዴት እንደጠራ" ካላችሁ ሳቁበት፤ ፍላሽ አንቴና አይፈልግም። ባለሞተሩ ካስጠላችሁ ሞተር የሌለው ተራ ረጅም አንቴና ግጠሙ። ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ነውር የለውም።

አቤቱታዬን ለንግድ መሥሪያ ቤት አስገብቻለሁ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ጉድለት ያለበት ዕቃ ሲሸጥለት እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፣ ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። የእኔ ድክመት ያቺ ማኅተም የሌላት ቁራጭ ወረቀት ናት። ያተረፈኝ በእጅ አለመክፈሌ ነው፤ የቴሌብሩ መልእክት ቀኑን፣ መጠኑንና የተቀባዩን ስም ይዞ ተቀምጧል። ከዚህ በኋላ መኪና የትም ስሰጥ የሚፈታውን ዕቃ ቀድሜ በስልኬ አነሳለሁ፣ አሮጌው እጄ ሳይገባ ቀሪ ክፍያ የለም፣ ምሳም ቢሆን እዚያው ቆሜ ነው የምበላው። እናንተም "ተቃጥሏል" ስትባሉ "ፍታና አሳየኝ" በሉ። ሳይፈታ የሚፈርድ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ማታ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ቡናውን አስቀመጠና "ሁለት ሰዓት ሙሉ መኪናዋን ትተህላቸው ሄድክ?" አለኝ።

"አዎ።"

"ክሪኩንስ አይተኸዋል?"

የእጅ ባትሪ ይዤ ወጣሁና የኋላውን በር ከፈትኩ። ክሪኩ የለም።